«የሴት አምላክ የገጠር መቅደስ» ለማለት ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

ጥያቄው የመጣው ከአንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነው፤ አጠር ሲል ይህን ይላል፦ «በደቡብ ኢጣሊያ በአንዲት ጥንታዊ የግሪክ ሰፋሪዎች ከተማ ዙሪያ በተደረገ የመስክ አሰሳ፣ ከከተማዋ ቅጥር 6 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ምንጭ ያለበት ተዳፋት ላይ 400 ያህል የሸክላ ስባሪዎች ለቅመናል። አብዛኞቹ የድንክ ማሰሮዎችና የሴት ምስሎች ስባሪ ናቸው፤ 11 የሽመና ክብደቶችም አሉ፤ አፈሩ አመድማ ነው። ግንብ አላየንም። ‹ከከተማ ውጭ የሚገኝ የሴት አምላክ መቅደስ› ብዬ ልመድበው? የስለት ዕቃዎቹንስ በሸክላ፣ በብረትና በአጥንት ከፋፍዬ ባቀርብ ይበቃል?»

አይበቃም፤ ስያሜውም አይጸናም። በአንዲት ሐረግ ውስጥ ሦስት ፍርዶች ታጭቀዋል፦ ስፍራው የአምልኮ ነው፣ ከከተማዋ ጋር ያለው ግንኙነት የታወቀ ነው፣ የምትመለክበትም ሴት አምላክ ናት። ሦስቱም የየራሳቸውን ማስረጃ ይፈልጋሉ። አሁን በእጅዎ ያለው ለመጀመሪያው ጥሩ ፍንጭ ነው፤ ለሁለተኛው ግማሽ መንገድ ያደርሳል፤ ለሦስተኛው ግን ምንም የለም።

ከመጀመሪያው እንጀምር። የሴት ምስልና የሽመና ክብደት በገበሬ ቤት ፍርስራሽም ይገኛሉ። ድንክ ማሰሮ በመቃብር፣ በተለይ በሕፃናት መቃብር፣ የተለመደ ነው። የሸክላ ሠሪ ቆሻሻ መጣያም ከሩቅ ሲያዩት መቅደስ ይመስላል፤ ከአንድ ቅርጽ ማውጫ የወጡ ብዙ ምስሎች፣ ብዙ ድንክ ዕቃ፣ ብዙ አመድ ይኖረዋል። ይህን የመጨረሻውን ለመለየት በእቶን ውስጥ የተጣመሙ፣ እርስ በርሳቸው የተጣበቁ ወይም ከልክ በላይ ተቃጥለው የአረፋ ቀዳዳ ያወጡ ገሎች እንዳሉ ይፈትሹ። ሦስት አራት እንዲህ ያለ ገል ከተገኘ ነገሩ ሌላ ነው። የገበሬ ቤት ከሆነ ደግሞ የጣሪያ ሸክላ፣ የእህል ጋን ወፍራም ስባሪ፣ የወፍጮ ድንጋይ፣ ጥቀርሻ የያዘ የማብሰያ ዕቃ በርከት ብሎ ይወጣል። እነዚህ በመቅደስ ፈጽሞ አይገኙም ማለት አይደለም፤ ሰው መቅደስ ሄዶ ይበላል፣ ይጠጣልም። ልዩነቱ ከጠቅላላው ውስጥ በሚይዙት ድርሻ ነው፤ ስለዚህ ገሎቹን ሁሉ ሳይቆጥሩ ምስሎቹን ብቻ መርጦ ማሳየት ራስን ማታለል ነው።

አርኪዮሎጂስቱ ኮሊን ሬንፍሩ እ.ኤ.አ. በ1985 በግሪክ በሚሎስ ደሴት የፊላኮፒን መቅደስ ቁፋሮ ሲያሳትም፣ አምልኮ በቁሳዊ ቅሪት የሚታይባቸውን ምልክቶች ዘርዝሯል፤ ትኩረትን የሚስብ አቀማመጥ ወይም አሠራር፣ የተከለለ ወሰን፣ የአምላክ መገኘት ምልክት፣ የምእመናን ተሳትፎና መባ። ዝርዝሩ እንደ ፈተና ወረቀት ነጥብ መስጫ ሲሆን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ለዚያ አልተዘጋጀም። ቁም ነገሩ አንዱ ምልክት ብቻውን ምንም እንደማይል፣ ብዙዎቹ በአንድ ቦታ ሲደጋገሙ ግን ሌላ ማብራሪያ እየጠፋ እንደሚሄድ ማሳየቱ ነው። በእርስዎ ስፍራ ምንጩ፣ ድንክ ዕቃዎቹና ምስሎቹ ሦስት ምልክቶች ናቸው። አመዱን ግን ገና አይቁጠሩት። ገለባ የተቃጠለበት እርሻ፣ የከሰል ምድጃ፣ የእረኛ እሳት፣ ሁሉም አፈርን አመድማ ያደርጋሉ።

አመዱ የመሠዊያ መሆኑን የሚነግርዎ አጥንት ነው። በግሪኮች የመሥዋዕት ሥርዓት የአምላኩ ድርሻ ሆኖ የሚቃጠለው ከእንስሳው የተመረጠ ክፍል ነው። በግሪክ አርካዲያ፣ በሊካዮን ተራራ፣ በአማልክት አለቃ በዜውስ የአመድ መሠዊያ ውስጥ የተገኘው የተቃጠለ አጥንት በአብዛኛው የበግና የፍየል ጭን፣ የጉልበት ሎሚና የጅራት አከርካሪ ነው። የማዕድ ቤት እሳት ግን እንዲህ አይመርጥም፤ ጎድን፣ ትከሻ፣ መንጋጋ ተደባልቆ ይወጣል፣ ብዙውም በከፊል የጠቆረ እንጂ ነጭ እስኪሆን የተቃጠለ አይደለም። ችግሩ የጉልበት ሎሚ የአውራ ጣት ጫፍ የምታክል መሆኗ ነው። በእጅ የሚለቅም ቡድን አያገኛትም፤ በ5 ሚሊ ሜትር ወንፊትም ስባሪዋ ያመልጣል። የቁፋሮ ፈቃድ ሲገኝ አመዳማው አፈር በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት በውሃ ይነፋ፤ ከየንብርብሩም ከ20 እስከ 40 ሊትር አፈር ለማንሳፈፊያ (ቀላሉን ቅሪት በውሃ ላይ አንሳፎ ለመለየት) ይቀመጥ። የተቃጠለ እህልና የፍሬ ቅሪት የሚገኘው ከዚያ ነው።

ግንብ አለመኖሩ አያስጨንቅዎ። የግሪክ መቅደስ ዋናው ነገር የተከለለው መሬት፣ ማለትም ቴሜኖስ፣ እና መሠዊያው ነው። ቤተ ጣዖቱ ጭማሪ ነው፤ ብዙ የገጠር መቅደሶች አንድም ቀን ሕንፃ ኖሯቸው አያውቅም። ይልቅ ቸል የሚባለውን ይመልከቱ። በቀርጤስ ደሴት አትሲፓዴስ በተባለው የሚኖአውያን (ከግሪኮች የቀደሙት የደሴቷ ሰዎች) የተራራ መቅደስ፣ ከምስሎቹ ጋር ከወንዝ የመጡ ድቡልቡል ጠጠሮች ተገኝተዋል። ወንዝ ተራራ አናት ላይ አይወጣም፤ ሰው ተሸክሞ አምጥቷቸዋል። የአካባቢውን ድንጋይ የማያውቅ ለቃሚ ግን «ጠጠር ነው» ብሎ ይጥለዋል። በእርስዎም ተዳፋት ላይ ከአለቱ ጋር የማይሄድ ድንጋይ ካለ ይቆጠር።

ወደ «ከከተማ ውጭ» ልለፍ። መቅደሶችን የከተማ፣ የከተማ ዳርና ከከተማ ውጭ ብሎ መክፈል የተስፋፋው ፈረንሳዊው ፍራንስዋ ዴ ፖሊኛክ እ.ኤ.አ. በ1984 ካቀረበው ሐሳብ በኋላ ነው። እሱ ግን ዋና ነገሩን በኪሎ ሜትር አልለካም። ያለው ይህ ነው፦ አንዳንድ ትልልቅ መቅደሶች ከከተማቸው ርቀው የተተከሉት የግዛቷን ወሰን ለማስረገጥ ነው፤ ዜጎችም በሰልፍ ወደዚያ ሲሄዱ መሬቱን የራሳቸው ያደርጋሉ። በግሪክ የአርጎስ ከተማ የሴት አምላኳ የሄራ መቅደስ ከከተማው 8 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በደቡብ ኢጣሊያ በፖሴይዶኒያ፣ በኋላ ፔስቱም በተባለችው፣ በሴሌ ወንዝ አፍ ያለው የሄራ መቅደስም ርቀቱ ከዚህ ብዙ አይለይም። ሁለቱም ሐውልትና ቤተ ጣዖት የቆመባቸው፣ የከተማ ገንዘብ የፈሰሰባቸው ናቸው። በ6 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ፣ ከድንክ ማሰሮ በቀር የሌለው የምንጭ ዳር ስፍራ ከእነሱ ጋር በአንድ ሣጥን ሊገባ አይችልም፤ ርቀቱ ቢመሳሰልም ተጠቃሚው ሌላ ነው።

ስለዚህ ርቀቱን እንደ ቁጥር ይመዝግቡት እንጂ ምድብ አያድርጉት። ምድቡ የሚመጣው «ማን ይመጣበት ነበር?» ከሚለው ነው። በአሰሳችሁ የተገኙትን የዘመኑን የእርሻ ቤቶች በካርታ ላይ አስቀምጡና በግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ ውስጥ ስንት እንዳሉ ቁጠሩ። አሥር ካሉ መቅደሱ ለእነሱ መሐል ነው፤ ዳር የሚሆነው ከከተማዋ ለሚያይ ሰው ብቻ ነው። አንድም ከሌለና ጥንታዊ መንገድ በአጠገቡ ካለፈ መንገደኛና እረኛ ይታሰባል። ከሩቅ የመጣ ዕቃ መጠን፣ ከከተማዋ ሌሎች መቅደሶች ጋር በአንድ ቅርጽ ማውጫ የተሠሩ ምስሎች መኖራቸውም ይናገራል። የተፈጥሮ አቀማመጡ (ምንጭ፣ ዋሻ፣ የተራራ አናት፣ የወንዝ መሻገሪያ፣ ወሰን) ለብቻው ሌላ ረድፍ ይሁን፤ ከተጠቃሚው ጋር አይደባለቅ። ደግሞም ይህ ሁሉ ለአንድ ዘመን ብቻ ነው የሚሠራው። ቅጥሩ የተሠራው መቅደሱ ከተተወ በኋላ ከሆነ «ከቅጥር ውጭ» የሚለው ቃል ራሱ ባዶ ነው።

«የስለት ዕቃ» ስላሉት ነገር ደግሞ፦ አማርኛችን እዚህ ላይ ከብዙ ቋንቋ የተሻለ መሣሪያ ይሰጠናል፤ እንጠቀምበት። ስለት ማለት ቀድሞ የተሳሉት፣ ልመናው ሲሰምር የሚያስገቡት ነው። መባ ማለት ሳይሳሉም የሚሰጥ ነው። መሥዋዕት ደግሞ የሚታረድ ወይም የሚቃጠል ነው። የግሪኩ አናቴማ «ቆሞ የተቀመጠ» ማለት ብቻ ነው፤ ስለት ይቀድመው አይቀድመው አይናገርም። የሮማውያን ጽሑፎች ግን «ስለቱን በፈቃዱ፣ እንደሚገባ አስገባ» የሚል የተለመደ ቀመር አላቸው፤ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲገኝ ስለት ማለት ይቻላል። ከሸክላ ስባሪ ላይ ግን የሰጪው ልብ አይነበብም። በጽሑፍዎ ሁሉ አጠቃላይ ስሙ «መባ» ይሁን።

አከፋፈሉን በተመለከተ፣ ቁሳቁስ ለዕቃ ጥገና ክፍል የሚጠቅም መደርደሪያ ነው። ሰው ለአምላኩ «ሸክላ» አልሰጠም። መጀመሪያ የሚከፈለው ዕቃው እንዴት ወደ መቅደሱ እንደገባ ነው። አንደኛው ወገን ለመስጠት ተብሎ የተሠራ ነው፤ ምስሎቹ፣ ድንክ ማሰሮዎቹ፣ የሸክላ እጅና እግሮች። ሁለተኛው ሰው የተጠቀመበትን፣ የለበሰውን፣ የሠራበትን የሰጠው ነው፤ ልብስ ማያያዣ፣ ቀለበት፣ የጦር ጫፍ፣ የእንዝርት ቀለበት። አርኪዮሎጂስቱ አንቶኒ ስኖድግራስ የመጀመሪያውን የተለወጠ፣ ሁለተኛውን ጥሬ መባ ብሎ ለይቷል፤ ሀብት ወደ መባነት መለወጡን ወይም እንዳለ መሰጠቱን ለማየት ይረዳል። ሦስተኛው የሥርዓቱ ትርፍ ነው፤ የተበላበት ሳህን፣ የተጠጣበት ጽዋ፣ አጥንት። አራተኛው የመቅደሱ የራሱ ዕቃ ነው፤ መብራት፣ ጥና፣ የመሠዊያ ድንጋይ። የጠፋ፣ የወደቀ፣ በኋላ ዘመን የመጣ ደግሞ አለ፤ ለእሱም ቦታ ይተዉለት። «አይታወቅም» የሚል ረድፍ የሌለው ሰንጠረዥ ሐሰት ይዟል ማለት ነው።

አሥራ አንዱ የሽመና ክብደቶች ለዚህ ጥሩ ፈተና ናቸው። በሴሌ መቅደስ ካሬ ቅርጽ ባለው አንድ ሕንፃ ውስጥ 300 ገደማ ክብደቶች ተገኝተዋል፤ ይህ በቦታው ሽመና ይካሄድ ነበር ለማለት ያስኬዳል፣ መባ ነው ለማለት ግን አያስገድድም። የእርስዎን አሥራ አንድ አንድ በአንድ በማጉያ መነጽር ይዩ። በቁም ሽመና ላይ የተንጠለጠለ ክብደት ክሩ የሚጎትተው በቀዳዳው የላይኛው ከንፈር ላይ ነው፤ ስለዚህ እዚያ ትንሽ የተሸረሸረ፣ የለሰለሰ፣ አንዳንዴም የሚያብረቀርቅ ጎድጓዳ ይተዋል፤ የታችኛው ከንፈር ግን ሻካራ እንደሆነ ይቀራል። ከግርጌ ጠርዙም እርስ በርሱ ሲጋጭ የተፈረፈረ ይሆናል። እነዚህ ካሉ ያገለገለ ዕቃ ነው። ቀዳዳው ዙሪያውን እኩል ሻካራ ከሆነ፣ ወይም ጭራሽ እስከ መጨረሻው ካልተበሳ፣ ለመስጠት የተሠራ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ክብደታቸው ይመዘን። ከአንድ የሽመና ዕቃ የመጡ ከሆኑ ክብደታቸው ይቀራረባል፤ አንዱ 60 ግራም፣ ሌላው 250 ግራም ከሆነ ከተለያየ ቤት የመጡ ናቸው፤ ለብዙ ሰዎች የተናጠል መባም ይስማማል። ስባሪ ክብደት ግን በዚህ ሒሳብ አይገባም።

ተመሳሳይ ነገር በግሪክ ከዴልፊ በላይ ባለው የኮሪኪያን ዋሻ ይታያል። ከ20,000 በላይ የቁርጭምጭሚት አጥንቶች ተገኝተዋል፤ በአብዛኛው የበግና የፍየል። ከፊሎቹ ተበስተዋል፣ ከፊሎቹ ተፍቀዋል። በቁሳቁስ የከፈለ ሰው «አጥንት» ብሎ ከምግብ ትራፊ ጋር ይጥላቸው ነበር።

የዕቃው አቀማመጥ ከዕቃው እኩል ይመደባል። በተሰጠበት ቦታ እንዳለ የቀረ መባ እምብዛም አይገጥምም። ብዙ ጊዜ የሚገኘው መደርደሪያው ሲሞላ ተሰብስቦ የተቀበረ ነው፤ የተሰጠ ነገር የአምላክ ንብረት ስለሆነ ወደ ውጭ አይጣልም፣ ስለዚህ በተከለለው የመቅደሱ መሬት ውስጥ ጉድጓድ ይቆፈርለታል። ሮማውያን ፋቪሳ የሚሉት ይህን መሰሉን ነው። ሦስተኛው በጎርፍና በማረሻ የተበተነ ነው፤ የእርስዎ 400 ስባሪ በአሁኑ ሁኔታ ከዚህኛው ነው። ተዳፋት ላይ ያለ ዕቃ ደግሞ ከላይ ወርዶ የመጣ ስለሆነ፣ ስብስቡ የጎላበት ቦታ መቅደሱ የነበረበት ሳይሆን ጎርፉ የደከመበት ሊሆን ይችላል። ገሎቹን ከላይ እስከ ታች በ5 ሜትር ካሬ ለክታችሁ መጠናቸውንና የጠርዛቸውን መደምሰስ አነጻጽሩ፤ ወደ ላይ ስትወጡ ስባሪው እየተለቀ፣ ጠርዙም እየሰላ ከሄደ ዕቃው የመጣው ከላይ ነው።

ወደፊት ጉድጓድ ከተገኘ ግማሹ ብቻ ይቆፈር፣ የቆመው ፊት ይሣል፣ ከዚያ ሌላው ግማሽ ይቀጥል። ከላይ የተገኘ የምስል ጭንቅላት ከታች ከተገኘ አካል ጋር ከገጠመ ጉድጓዱ በአንድ ጊዜ የተሞላ ነው። እዚህ ላይ የሚደጋገም ስሕተት አለ፦ በውስጡ ያሉት ዕቃዎች 200 ዓመት የሚሸፍኑ ሲሆኑ «ጉድጓዱ 200 ዓመት አገለገለ» ይባላል። ጉድጓዱ የተዘጋው ከመጨረሻው ዕቃ ዘመን በኋላ ነው፤ ዕቃዎቹ ግን መደርደሪያ ላይ ቆይተው የመጡ ናቸው። የመቅደሱን ዕድሜ ከዕቃው፣ የጽዳቱን ቀን ከመጨረሻው ዕቃ ያንብቡ።

ስለ ቁጥር ሁለት ነገር። 400 ስባሪ 400 መባ አይደለም። የቆመች ሴት ምስል ስትሰበር አምስት ስድስት ቦታ ትሆናለች፤ ስለዚህ ጭንቅላት ብቻ፣ ወይም መሠረት ብቻ ቆጥረው ትልቁን ይያዙ፤ ለድንክ ማሰሮም መቀመጫውን ብቻ ይቁጠሩ። ሁለተኛ፣ የቀረው የተሰጠው ሁሉ አይደለም። በግሪክ በሲኪዮን ከተማ አካባቢ በፒትሳ ዋሻ እ.ኤ.አ. በ1934 የተገኙት ቀለም የተቀቡ የእንጨት ሰሌዳዎች ከክርስቶስ ልደት በፊት የ6ኛው መቶ ዓመት ናቸው፤ የተረፉት በዋሻው ልዩ ሁኔታ ነው። በፈረንሳይ በሴን ወንዝ ምንጭና በሻማሊየር የተገኙት የእንጨት ምስሎች የተረፉት ውሃ የጠገበ አፈር ውስጥ ስለነበሩ ነው። ደረቅ ተዳፋት ላይ እንጨት፣ ጨርቅ፣ ዳቦና አበባ አይቀርም፤ ነሐስም ይቀልጣል፣ ይሰረቃል። ስለዚህ «ድሆች የሚመጡበት መቅደስ ነበር» የሚል ድምዳሜ ከሸክላ ብዛት አይወጣም።

አሁን አምላኳ። የሴት ምስል ሴት አምላክን ሊያሳይ ይችላል፤ የሰጠችውንም ሴት ሊያሳይ ይችላል፤ ዝም ብሎ ገበያ ላይ የተገኘው ምስልም ሊሆን ይችላል። በስፓርታ በአርጤምስ ኦርቲያ መቅደስ ከ100,000 በላይ የእርሳስ ምስሎች ተቆፍረዋል። ያው ዓይነት የእርሳስ ምስል በሺህ የሚቆጠር ሆኖ በዚያው በስፓርታ አጠገብ በሜኔላዮን ተገኝቷል፤ እዚያ የሚመለኩት ግን በተረት የሚታወቁት ንግሥት ሄለንና ባሏ ሜኔላዎስ ናቸው። ይህን ያወቅነው ከምስሎቹ አይደለም፤ ደይኒስ የተባለ ሰው ለሜኔላዎስ ሚስት ለሄለን መስጠቱን በላዩ ያስጻፈበት፣ እ.ኤ.አ. በ1975 የተገኘ ትንሽ የነሐስ የዘይት ዕቃ ነው የነገረን። በውቅሮ አጠገብ በመቃብር ጋዕዋም መቅደሱ የጥንቱ አምላክ የአልመቃህ ነው የምንለው መሠዊያው ላይ ስሙ ስለተቀረጸ ነው። የሸክላ እጅና እግርም ቢሆን የፈውስ አምላኩን አስክሊፒዮስን አያመለክትም። ከሮማ በስተ ምሥራቅ በፖንቴ ዲ ኖና ከ8,000 በላይ መባዎች፣ አብዛኞቹ የአካል ክፍሎች፣ ተገኝተዋል፤ በመካከለኛው ኢጣሊያ ይህ ልማድ ብዙ አማልክትን የሚያዳርስ ነበር። ፈውስ መጠየቁ ይታያል፣ የተጠየቀው ማን እንደሆነ አይታይም።

ስለዚህ ምክሬ ቁርጥ ነው። በአሁኑ ማስረጃ ስያሜው «ሊሆን የሚችል የምንጭ ዳር የአምልኮ ስፍራ፤ ተመላኪው ያልታወቀ» ይሁን። «መቅደስ» የሚለውን ቃል አጥንቱ ወይም ወሰን የሚያሳይ ድንጋይ እስኪገኝ ያቆዩት፤ የአምላክ ስም ደግሞ ጽሑፍ እስኪገኝ፣ ያውም ከቦታው ያልተንቀሳቀሰ ጽሑፍ፣ አይጻፍ። ሰንጠረዥዎን ሁለት ያድርጉት፤ አንዱ የስፍራው (ዘመን፣ አቀማመጥ፣ ርቀት፣ በአቅራቢያው ያሉ ቤቶች፣ መንገድ፣ የአፈር ዓይነት)፣ ሌላው የዕቃዎቹ (የአገባቡ ወገን፣ ቅርጽ፣ ቁሳቁስ፣ የአገልግሎት ምልክት፣ ሆን ተብሎ መሰበሩ፣ የተገኘበት ካሬ)። ሁለቱን የሚያገናኘው የካሬው ቁጥር ብቻ ነው።

ከማሳተምዎ በፊት ሦስት ጥንቃቄ። ድንክ ማሰሮዎቹን ገና አያጥቧቸው፤ ውስጣቸው የቀረ የዘይት፣ የማር ወይም የወይን ቅሪት በቤተ ሙከራ ሊለይ ይችላል፣ በእጅ ከነኩት ግን የእጅዎ ቅባት ይቀድመዋል። ቢያንስ አምስቱን ከነአፈራቸው በአሉሚኒየም ወረቀት ጠቅልለው ያስቀምጡ። የስፍራውን ትክክለኛ የካርታ ነጥብ በይፋ አያውጡ፤ ብረት ፈላጊ መሣሪያ የያዘ ዘራፊ ከአርኪዮሎጂስት ቀድሞ ይደርሳል። እንዲሁም በኢጣሊያ ሕግ መሬት ውስጥ ያለ ቅርስ የመንግሥት ነው፤ «ጉድጓድ መኖሩን ለማየት ብቻ» ብሎ ያለ ባህል ሚኒስቴሩ ፈቃድ ግማሽ ሜትር መቆፈርም ወንጀል ነው። ፈቃዱ እስኪመጣ ድረስ መሬቱን የማይነካ የማግኔት ልኬት ለማስደረግ ይጠይቁ፤ እሳት የነደደበት ቦታና በተቃጠለ ሸክላ የተሞላ ጉድጓድ በእሱ ጎልተው ይታያሉ፤ ጉድጓዱ ከተዳፋቱ በላይ ይሁን በታች የሚለውን ክርክርም ይዘጋል።